የእድር መዝገብ ወደ ስልክ ሲገባ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልለው ሲያመጡልኝ ሥራው ከሁለት ሳምንት የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር። ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በማስመሪያ የተሰመሩ ዓምዶች አሉ፤ በስተግራ ተራ ቁጥርና ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ ከመስከረም እስከ ነሐሴ የወራቱ ስሞች፣ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ሰፊ ዓምድ። «እንግዲህ ልጄ፣ ይህንን በስልክ አድርግልን፤ ዓይኔ እየደከመ ነው» አሉኝ። መተዳደሪያዬ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ስለሆነ፣ ስምና ቁጥር፣ ወርና ብር ብቻ ከሆነ ከዚህ የቀለለ ዳታ ከየት ይመጣል ብዬ ተቀበልኳቸው። መተግበሪያው ዛሬ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔም እስካሁን እያረምኩት ነው።

ስህተቶቼን መለስ ብዬ ስመለከት አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሆነው አገኛቸዋለሁ፤ መረጃ በስልኩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥበትን መልክ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታይበትን መልክና ሰው በጣቱ እየነካ የሚያስገባበትን መልክ አንድ አድርጌ መቁጠሬ ነው። ወረቀት ላይ ሦስቱ በእርግጥ አንድ ናቸው፤ ጸሐፊው የጻፉት ያው የተቀመጠው ነው፣ የተቀመጠውም ያው የሚነበበው ነው። ስልክ ላይ ግን ሦስቱ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ አንዱን ለሌላው ሲሉ ማጣመም ውሎ አድሮ ዋጋ ያስከፍላል።

ከማስቀመጡ ልጀምር። በመጀመሪያው ሥሪት የአባላቱን ዝርዝር በሙሉ በአንድ ፋይል አስቀምጬ፣ አንድ ክፍያ በተመዘገበ ቁጥር ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ እጽፈው ነበር። ሁለት መቶ ለማይሞሉ አባወራዎች ዳታቤዝ ማደራጀት ለአንድ ሲኒ ቡና ድንኳን እንደ መትከል መስሎ ታይቶኝ ነበር። አንድ እሑድ ግን ክፍያ እየተሰበሰበ ሳለ የጸሐፊው ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ፤ ቻርጅ ተደርጎ ሲከፈት ፋይሉ እስከ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ተገኘ፤ ከተራ ቁጥር 90 በኋላ ያሉት አባላት በሙሉ አልነበሩም። ያዳነን የወረቀቱ መዝገብ ነው፤ ለካ ጸሐፊው እኔን ሙሉ በሙሉ ስላላመኑ ጎን ለጎን በእጃቸው መጻፋቸውን አላቋረጡም ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ ኤስኪዩላይት ተሻገርኩ። ኤስኪዩላይት ሪቻርድ ሂፕ የጀመረው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ፣ ሰርቨር የማያስፈልገውና ከአንድሮይድም ከአይፎንም ጋር አብሮ የሚመጣ ዳታቤዝ ነው። ትልቁ ውለታው አንድ ሥራ ወይ በሙሉ ይገባል፣ ወይ ጨርሶ አይገባም የሚለው ሕጉ ነው። እኔ በምጠቀምበት አሠራር አዲሱ ጽሑፍ መጀመሪያ በጎን ባለ ማስታወሻ ፋይል ላይ ይሰፍራል፤ ስልኩ በመሀል ቢጠፋ ያልተጠናቀቀው ይጣላል፣ የቀደመው ግን እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ብዙ ጊዜ አልቋል፤ የጠፋ ክፍያ ግን የለም። ኔትወርክንም ከሥራው መንገድ ላይ አወጣሁት፤ ክፍያ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዳታ እምብዛም አይይዝም፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር ስልኩ ላይ ይመዘገባል፣ ምሽት ላይ ኔትወርክ ሲገኝ አንድ ቅጂ ወደ ገንዘብ ያዡ ስልክ ይሄዳል።

ገንዘቡም ቢሆን እንደሚታየው መቀመጥ አልነበረበትም። ኮምፒውተር ነጥብ ያለውን ቁጥር በሁለት ቤት ስሌት፣ ማለትም በ0ና በ1 ብቻ፣ ስለሚይዝ 0.1ና 0.2ን ሲደምር የሚያገኘው 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተምሬም ረስቼዋለሁ። አሁን 100 ብር በዳታቤዙ ውስጥ 10000 ሳንቲም ሆኖ በሙሉ ቁጥር ይቀመጣል፣ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻ ለመቶ ይካፈላል። የስልክ ቁጥር ደግሞ ስሙ ቁጥር ይሁን እንጂ ማንም የማይደምረው፣ የማይቀንሰው ነገር ነው፤ እንደ ቁጥር ያስቀመጥኩ ጊዜ የፊተኛዋ ዜሮ ጠፍታ 0911 ብሎ የሚጀምረው 911 ብሎ ጀመረ። በተጨማሪም የሞባይል ቁጥር በ09 ካልጀመረ አልቀበልም የሚል ማጣሪያ አበጅቼ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ማጣሪያዬ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያባርር ዘበኛ ሆኖ ቀረ። አሁን ሰው በ0 ቢጀምር፣ በ9 ወይም በ7 ቢጀምር፣ በ251 ቢጀምር፣ መሀሉ ላይ ክፍተት ቢተውም ሁሉንም እቀበላለሁ፤ የማስቀምጠው ግን በአንድ መልክ፣ ከአገሩ መለያ ጋር፣ እንደ ጽሑፍ ነው። አንድ ስልክ ለአንድ አባል ብቻ ይሁን የሚለውንም ሕግ ሰረዝኩት፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ስልክ የሚጠሩበት ቤት ብዙ ነው።

ብዙ ጊዜዬን የበላው ግን ስም ነው። ከውጭ አገር የመጡት ዝግጁ ቅጾች ስምን «የመጀመሪያ» እና «የቤተሰብ» ብለው በሁለት ይከፍሉታል፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ ሰዉ በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል። ይህንን ያወቅኩ መስሎኝ ሦስት ሳጥን አደረግሁና የመዝገቡን ስሞች በክፍተታቸው እየቆረጥኩ በየሳጥናቸው እንዲገቡ አዘዝኩ። በማግስቱ «ገብረ» የሚባሉ፣ አባታቸው «ማርያም»፣ አያታቸው «ወልደ» የሆኑ ሰውዬ ተወለዱ። የእሳቸው ስም ገብረ ማርያም፣ የአባታቸው ወልደ ሚካኤል ነው፤ መቀሴ አራተኛውን ቃል፣ ሚካኤልን፣ የሚያስቀምጥበት ሳጥን አጥቶ ጥሎታል። በዚያ ላይ ጸሐፊው ቦታ ሲጠብባቸው ገ/ማርያም፣ ወ/ሚካኤል፣ ኃ/ጊዮርጊስ እያሉ በእዝባር (/) ያሳጥራሉ፤ ይህም የተለመደና ማንም የሚያነበው አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ሳጥኖቹ ሦስት ሆነው ቢቀሩም በክፍተት መቁረጡን ተውኩት፤ ስሙ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው የሚያስገባው ሰው ነው።

ሁለተኛው የስም ጣጣ ከፊደላችን የመጣ ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አነጋገር አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ግዕዙና ራብዑም ስለማይለዩ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስቱም በጆሮ አንድ ናቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ እንዲሁ ናቸው። ለስልኩ ግን ሀ እና ሐ የሚለያዩት ሀ እና ለ የሚለያዩትን ያህል ነው፤ ፊደላችን እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት፣ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ገብቷል፤ መግባቱም ትክክል ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን አንድ ስም ብንወስድ ኃ በስድስት፣ ሥ በሁለት፣ ሴም በሁለት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል 24 አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ተለያይቶም ተጋጥሞም፣ «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ በአጭሩም ሊጻፍ ስለሚችል ደግሞ 72 ይደርሳል። ሁሉንም አንድ አንባቢ ያለ ምንም ችግር አንድ ሰው ብሎ ያነባቸዋል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። በመዝገቡ ላይ «ኃይሉ» ተብለው በተራ ቁጥር 47 የተመዘገቡ አባት አሉ። ጸሐፊውን ለማገዝ የመጣ ወጣት ፍለጋው ላይ «ሀይሉ» ብሎ ጻፈ፤ መተግበሪያዬም «አልተገኘም» አለው። እሱም አዲስ አባል መስለውት መዘገባቸው። ሦስት ወር ሙሉ የከፈሉት ብር በአዲሱ ስማቸው ላይ ሲጠራቀም፣ በነባሩ ላይ የሦስት ወር ዕዳና ቅጣት ተከመረ፤ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ስማቸው ከባለዕዳዎች ጋር ሲነበብ ደረሰኞቻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ተነሡ። የአዳራሹ ዝምታ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ቆሜ ተናግሬአለሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ሁሉንም ስም ወደ አንድ አጻጻፍ መለወጥ ነበር፤ ደግነቱ ሳላደርገው ለጸሐፊው ነገርኳቸው። «የሰው ስም እኮ ነው፤ ባለቤቱ በንጉሡ ሠ ከጻፈው አንተ በእሳቱ ልትጽፍለት ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ተቀምጦ እንደጻፈው ይታያል፤ ከጎኑ ግን ማንም የማያየው ሌላ ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ውስጥ ሞክሼዎቹ ሆሄያት ሁሉ ወደ አንድ ተጠቃለው፣ ጐ ወደ ጎ፣ ዉ ወደ ው ተመልሶ፣ ክፍተቱና እዝባሩ ወጥቶ፣ እንደ ገ/ ያሉትም አጫጭሮች ተዘርግተው ይቀመጣሉ። ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም በዚያው ወንፊት አልፎ ከዚህ ዓምድ ጋር ይተያያል። ይህ ካልሠራ ሁለተኛ ወንፊት አለኝ፤ ሁሉንም ሆሄ ወደ ሳድስ ያወርደዋል፤ መሐመድም ሙሐመድም «ምህምድ» ሆነው ይገናኛሉ። ሁለተኛው ወንፊት አበበንና አበባንም አንድ ስለሚያደርጋቸው ውጤቱ ከታች፣ «ምናልባት» ከሚል ቃል ሥር ብቻ ይወጣል።

ቀጥሎ የቀን ነገር ይመጣል። ቀደም ብዬ እንደተናገርኩት በመዝገቡ ላይ የወራቱ ዓምዶች ከመስከረም እስከ ነሐሴ ናቸው፤ አሥራ ሁለት። እኔ ዓይኔ እያየ ይህንን አላየሁም። አንድሮይድ ከ7.0 ወዲህ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያውቅ ዝግጁ ኮድ በውስጡ አለው፤ አሥራ ሦስቱን ወራት በሚገባ ይቆጥራል፣ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን እንደምትሆንም ያውቃል። እኔም በዚህ ተደስቼ፣ አባሉ መጨረሻ ከከፈለበት ወር እስከ ዛሬ ያለፉትን ወራት ቁጠርና በወርሃዊ መዋጮው አባዛ ብዬ ጻፍኩ። በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ እንቁጣጣሹን እየተመራረቀ ሲመጣ፣ እስከ ነሐሴ ያጠናቀቀው ሁሉ የአንድ ወር ዕዳ ተጽፎበት ጠበቀው። ጳጉሜን መዋጮ አስከፍዬባት ነበር። «ልጄ፣ ጳጉሜን ማን ደመወዝ ከፍሎህ ያውቃል?» አሉ ጸሐፊው፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ማስተካከያው አንዲት መስመር ኮድ ብቻ ትፈልግ ነበር፤ ነገሩ ግን ወደ ሌላ ሐሳብ መራኝ። «የጥቅምት መዋጮ» ስንል ጥቅምት የጊዜ ነጥብ አይደለም፤ የዓምድ ስም ነው። የጥቅምትን በኅዳር 20 የሚከፍል አለ፣ የዓመቱን በመስከረም አንዴ የሚከፍልም አለ። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱ ክፍያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፤ አንደኛው ገንዘቡ ገቢ የሆነበት ቅጽበት ሲሆን እሱን ስልኩ በሚያውቀው ዓለም አቀፍ አቆጣጠር አስቀምጬ ሲታይ ብቻ ወደ እኛው እመልሰዋለሁ፤ ሁለተኛው የተከፈለለት ወር ሲሆን እሱን ግን በቀጥታ በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረትና የወር ቁጥር አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ወደ ፈረንጅ ቀን ቢመለስ ትርጉሙን ያጣልና።

የሰዓቱ እንኳ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ይዘነጋል። ስልኩ 15:00 የሚለውን እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት እንላለን። ሥርዓተ ቀብሩ 9 ሰዓት ላይ ነው ተብሎ ሲነገረኝ ሰዓት መምረጫው ላይ 9ን ነክቼ፣ ማሳሰቢያው ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በየሰዉ ስልክ ጮኸ። አሁን መምረጫው «ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ማታ፣ ከሌሊቱ» ብሎ ይጠይቃል፣ ስድስቱን ሰዓት የሚቀንሰውና የሚደምረው ኮዱ ነው። የልደት ቀንንም ማስገደድ ተውኩ፤ ዓመቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ወርና ቀን ካላስገባህ አታልፍም ሲባል መስከረም 1 ብሎ ያልፋል፤ የእድሩ ሽማግሌዎች ሩብ ያህሉ በእንቁጣጣሽ የተወለዱ ሆነው ነበር።

ስለ ማስገባት ስናገር የእሑዱን ሰልፍ ማሰብ አለባችሁ። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊታቸው ብር የያዙ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ገበያ የሚቸኩሉ ሠላሳ ሰዎች ቆመዋል። የመጀመሪያው ገጼ ስም መርጠው፣ ወር መርጠው፣ ብሩን ጽፈው፣ የአከፋፈሉን ዓይነት መርጠው፣ ቀኑን አረጋግጠው «መዝግብ» እንዲሉ ይጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በብዕር አንድ ምልክት አድርገው ለማለፍ የለመዱ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳይ የተረዳሁት፣ አባላቱ ሲቀርቡ ስማቸውን ሳይሆን ተራ ቁጥራቸውን እንደሚናገሩ ነው። «ሰባ ሁለት» ይላሉ፤ ጸሐፊው ቀና ሳይሉ ገጹን ይገልጣሉ። ከዚያ በኋላ ገጹ ሲከፈት የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ይወጣል፤ 72 ሲነካ ስሙና ያልተከፈለው የመጀመሪያ ወር በትልቁ ይታያል፣ ብሩ አስቀድሞ ተሞልቶ ይጠብቃል፣ የሚቀረው አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው። ቀኑ ዛሬ፣ አከፋፈሉ በጥሬ ገንዘብ እንደሆነ ይታሰባል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈለ ካለ ብቻ ይለወጣል።

ጽሑፍ ማስገባት የግድ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ ከኪቦርዱ ጋር ጠብ ውስጥ ገብቼ ነበር። በብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ላይ ሰ የሚጻፈው በሁለት ንክኪ ነው፤ የኤስን ቁልፍ ሲነኩ መጀመሪያ ስ ይወጣል፣ ቀጥሎ አናባቢውን ሲነኩ ያው ስ ወደ ሰ ይለወጣል። በዚህ መሀል ሆሄው ያላለቀ፣ ኪቦርዱ በእጁ የያዘው ነገር ነው። የእኔ ኮድ ግን እያንዳንዱ ንክኪ እንደደረሰ ጽሑፉን ተቀብሎ፣ ትርፍ ክፍተት ካለ አጥፍቶ፣ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ኪቦርዱ በእጁ የነበረውን ስ ሲነጠቅ ያለቀ መስሎት አናባቢውን ለብቻው ይጽፋል፤ «ሰለሞን» ሊሉ የጀመሩት ሰው «ስእልእ» የሚል ነገር ያገኛሉ። በእንግሊዝኛ ስሞክረው ምንም ችግር አልነበረበትምና ለሁለት ሳምንት «ኪቦርዱን ይቀይሩት» እያልኩ ሰዎችን አንገላታሁ። መፍትሔው ሰው እየጻፈ ሳለ ሳጥኑን አለመንካት፣ ጽዳቱን ሲያስቀምጡ ብቻ ማድረግ ነበር። አዲስ አባል ከነቤተሰቡ እየተመዘገበ ሳለ ስልክ ተደውሎ ቅጹ ባዶ ሆኖ የጠበቀበትም ጊዜ አለ፤ አንድሮይድ ማህደረ ትውስታው ሲጠበው ከኋላ ያለውን መተግበሪያ ስለሚዘጋ፣ አሁን ያላለቀው ቅጽ ራሱ እንደ ረቂቅ በዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል።

ስክሪኑ ላይ ስለሚታየው ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ፊደላችን በትንሽ መጠን ሲደምቅ ሣልስና ኃምስ አይለዩም፤ ሚ እና ሜ፣ ቢ እና ቤ መነጽር ላደረገ ሰው አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ማድመቁን ትቼ መጠኑን አሳደግሁት፤ ረጅም ስምም መጨረሻው በሦስት ነጥብ እንዳይቆረጥ ወደ ሁለት መስመር እንዲወርድ አደረግሁ፤ በሰፈራችን አራት «ወ/ሮ አበበች» ስላሉ የሚለያቸው የሚቆረጠው የአባታቸው ስም ነውና። ሁለተኛው ቀለም ነው። ባለዕዳን በቀይ ማሳየት ለእኔ የተለመደ ነገር ነበር፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ስለሚውል ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ የማን ስም እንደቀላ ያያል። አንዲት እናት ቀዩን አይተው «ከነገ ጀምሮ ልጄን እልካለሁ» ብለው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ወር እውነትም አልመጡም። ቀዩ ወጣ፤ ያልተከፈለው ወር ስሙ ብቻ በጥቁር ይጻፋል።

ከሁሉ የዘገየብኝ ትምህርት ስለ ስርዝ ድልዝ ነው። በወረቀቱ መዝገብ ላይ ስህተት ሲኖር ጸሐፊው አንድ ቀጭን መስመር ያሰምሩበታል፤ የተሰረዘው አሁንም ይነበባል፣ ከጎኑ ፊርማቸው ይቀመጣል። የእኔ መተግበሪያ ደግሞ የተሳሳተውን አጥፍቶ አዲሱን በቦታው ይተካ ነበር። አንድ ቀን ገንዘብ ያዡ በእጃቸው ያለው ብር ከመዝገቡ 200 አነሰ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስተካከለ የሚናገር ምንም ዱካ አልነበረም። ጸሐፊው ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «የድሮው የት ሄደ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የክፍያ ረድፍ አንዴ ከገባ አይነካም፤ እርማት ራሱን የቻለ አዲስ ረድፍ ሆኖ የቀድሞውን እየጠቀሰ ይገባል፤ ስክሪኑ ላይም የቀድሞው እንደ ወረቀቱ መስመር ተሰምሮበት ይታያል። «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ከአባላቱ ገጽ ላይም ተነሣ፤ አባል ሲያርፍ ተራ ቁጥሩ ለባለቤቱ ወይም ለልጁ ይተላለፋል እንጂ ከመዝገቡ አይፋቅም፤ በወረቀቱ ላይ ከስሙ አጠገብ ትንሽ መስቀል ይደረግ ነበር፣ ለሙስሊሞቹ አባላት «ዐርፈዋል» ተብሎ ይጻፍ ነበር።

«ምርመራ» የተባለውን ዓምድ በመጀመሪያው ሥሪት ጭራሹን አላስገባሁትም፤ ነፃ ጽሑፍ ለፍለጋም ለስሌትም አይመችም ብዬ። ጸሐፊው ሁለት ወር ታገሡኝና ከዚያ ማስታወሻቸውን በአባሉ የስም ሳጥን ውስጥ መጻፍ ጀመሩ፤ «አቶ እገሌ ድንኳን ወስደዋል አልመለሱም» የሚል ሙሉ ስም ዳታቤዜ ውስጥ ስላገኘሁ ተሸነፍኩ። ዓምዱን ከጨመርኩት ወዲህ በመተግበሪያው ውስጥ እንደ እሱ የሚሠራበት ቦታ የለም። ታሟል፣ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ቀይሯል፣ የእድሩ ድስት በእሷ ቤት ይቀመጣል፣ ባለፈው ሐዘን አልተገኘም ግን ይቅርታ ተደርጎለታል፤ ለእነዚህ ሁሉ ሳጥን ላዘጋጅ ብል መቼም አልጨርስም።

ባለፈው ወር ለአንድ ችግር መፍትሔ ስፈልግ በአንድ አባት ስም አንጻር የተጻፈ አየሁ፦ «ልጁ ከውጭ ይልካል። ለእሳቸው አይነገር፤ እድሩ እንደማራቸው ነው የሚያውቁት።» ክፍያው ሲመዘገብ ጸሐፊው ስልኩን አዙረው ለአባሉ ያሳያሉ፤ የምርመራው ጽሑፍ ደግሞ በዚያው ገጽ ከስሙ ሥር ይታይ ነበር። ጸሐፊው እስካሁን በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑት ኖሯል። በዚያው ምሽት ለማሳያ የሚሆን ሌላ ገጽ ሠራሁ፤ አሁን ስልኩ ወደ አባሉ ሲዞር ስም፣ ወርና ብር ብቻ ይታያል፤ ለእኚህ አባትም ብሩ ያለበት መስመር አይወጣም።